ስድስት እየዘለለ የሄደው ውኃ

ከስድስት ቁጥር ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። ሰው ከሰው እንጂ ከቁጥር ጋር ምን ያጣላዋል ትሉ ይሆናል። እስኪ የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። በመስኖ ዲፕሎማ ይዤ ከነቀምት መጥቼ፣ ጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ፣ አልዌሮ ግድብ አጠገብ እሠራ ነበር። ወረቀቴ ላይ የተጻፈው «ቴክኒሽያን» ነው፤ ገበሬዎቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው «ኢንጂነር» አሉኝ። እኔም አላረምኳቸውም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ትምህርት ቤት እያለሁ በሒሳብ የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀኝ የማወራ ሰው ነበርኩ።

ከትልቁ ቦይ ተገንጥሎ የሚሄድ አንድ ትንሽ ቦይ አለ። በዚያ ቦይ ዳር አሥራ ሦስት ሰዎች ሩዝ ያለማሉ፤ ግማሾቹ የዚያው አገር አኝዋዎች፣ ግማሾቹ ድሮ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ ማሳ የራሱ የብረት በር አለው። በሩ ሲነሳ ውኃው ወደ ማሳው ይገባል። በቀን የሚከፈተው አንድ በር ብቻ ነው፤ ውኃው ከዚያ በላይ አይበቃም። በሮቹ ከላይ ወደ ታች ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት ቁጥር ተጽፎባቸዋል።

ቀላሉ ነገር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በተራ መክፈት ነበር። ግን ጎረቤታም በሮች በተከታታይ ቀን ሲከፈቱ ጥቁሩ አፈር ይርስና የቦዩ ጠርዝ ይናዳል። የሰውም ጣጣ አለ። ታች ያለው ሰው ሁልጊዜ የሚደርሰው ላይ ያሉት ጠጥተው የተረፋቸው ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ዘዴ አወጣሁ። ትናንት በተከፈተው በር ቁጥር ላይ ስድስት ደምር፤ ከአሥራ ሦስት ካለፈ አሥራ ሦስት ቀንስ። ይኸው ነው። አንድ፣ ሰባት፣ አሥራ ሦስት፣ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አምስት እያለ ይሄዳል። በአሥራ ሦስት ቀን ውስጥ ሁሉም በር አንድ አንድ ጊዜ ይከፈትና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ላይና ታች የሚባል ነገር ጠፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው በውኃ አልተጣላም። የእኔም ልብ አበጠ።

የበሮቹን ቁልፍ የሚይዘው ኦጁሉ ነበር። አኝዋ ነው፣ የአቦቦ ልጅ፣ በዕድሜ ከእኔ ሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ሰፋሪዎቹ «የውኃ አባት» ይሉታል። የራሱ ማሳ የለውም፤ ያለው ቁልፉና ስሙ ነው። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢያቋርጥም በየቀኑ የከፈተውን በር ደብተር ላይ ይጽፋል፤ የእጅ ጽሑፉ ከእኔ ያምራል።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ሁለት አዳዲስ ማሳዎች ተጨመሩና በሮቹ አሥራ አምስት ሆኑ። እኔ ጋምቤላ ከተማ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ገብቼ ነበር። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ዓሣ ልንበላ ስንሄድ ባሮ ድልድይ ላይ ስልኬ ጮኸ። ኦጁሉ ነው።

«ኢንጂነር፣ በሩ አሥራ አምስት ሆነ። ከነገ ጀምሮ እንዴት ልክፈት?»

«ያው ነው» አልኩት። «ከአንድ ጀምር፣ ስድስት ትደምራለህ። ከአሥራ አምስት ሲያልፍ አሥራ አምስት ትቀንሳለህ።»

«ስድስቱ አይቀየርም?»

«ምን ያስቀይረዋል? ያው ነው አልኩህ እኮ።»

ስልኩን ዘግቼ ዓሣዬን ልበላ ሄድኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን ማፍሰሴንም አላወቅኩም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ማለዳ ጋሼ ሰይድ ደወሉ። ጋሼ ሰይድ የገበሬዎቹ ሊቀመንበር ናቸው፤ ወሎዬ፣ ጨዋ፣ በቀላሉ የማይቆጡ ሰው።

«ሰላም አደርክ ልጄ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሩዙ ግን ደህና አይደለም።»

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ኦጁሉ ውኃውን ለአምስት ሰው ብቻ እያጠጣ ነው። አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ተከፈተ። የማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። አንድ ቁጥር የኦኬሎ ነው፤ ኦኬሎ ደግሞ የኦጁሉ አጎት ነው።

«የእኔ አሥራ ሁለት ቁጥር አንድም ቀን አልተነሳ። የአሪየት ስምንት ቁጥርም እንደዚያው፤ የድሮው ዙር ራሱ ተራዋ ሳይደርስ ነው የተቋረጠው። እሷ ከሁላችን ዘግይታ ነው የተከለችው፤ ችግኟ ገና ሥር አልያዘም፣ እንደ ገለባ ነጥቷል። ዛሬ ከሰዓት እንሰበሰባለን። ቁልፉን እንቀበለዋለን።»

«እሱ ምን ይላል?»

«ኢንጂነር ነው ያዘዘኝ ይላል። ማን ያምነዋል? ኢንጂነር ቁጥር አይሳሳትም አልነው። አንተ ና ብቻ፤ ፊቱ ቆመህ ንገረውና ይለይለት። ወጣቶቹ ተቆጥተዋል፣ ሌባ የሚል ስም ከወጣለት በኋላ እዚህ አገር አይቀመጥም።»

አሁን የምነግራችሁን ነገር መናገር ቀላል አይደለም። እኔም ኦጁሉን ጠረጠርኩት። ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፣ አንድ ቀን አላጭበረበረም፤ ግን አጎቱ ሦስት ጊዜ ጠጣ ሲባል በልቤ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» አልኩ። ከሥልጠናው አስፈቅጄ ወደ አቦቦ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ጋቢና ተቀመጥኩ። ሰው ፊት ስቆም እንዳላፍር፣ የትኛው ቀን ላይ እንዳጭበረበረ በትክክል ላሳይ ፈለግኩ። እስክሪብቶ አወጣሁና የሥልጠናው ወረቀት ጀርባ ላይ ትክክለኛውን ተራ መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ። ሰባት። አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስትና ስድስት አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት ሲቀነስ አራት። አሥር። አሥርና ስድስት አሥራ ስድስት፣ አሥራ አምስት ሲቀነስ አንድ።

አንድ?

ደግሜ ጻፍኩ። አንድ፣ ሰባት፣ አሥራ ሦስት፣ አራት፣ አሥር፣ አንድ። መኪናው አንገጫግጮኝ ይሆናል ብዬ ሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩ። በአምስተኛው ዝላይ ውኃው ቤቱ ይመለሳል። ከሁለት ጀመርኩ፦ ሁለት፣ ስምንት፣ አሥራ አራት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ፣ ከዚያ ሁለት። ከሦስት ጀመርኩ፦ ሦስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ውኃው በሦስት የተለያዩ መንገዶች ነው የሚዞረው። አንዱ መንገድ ላይ የጀመረ ዓመት ሙሉ ቢዞር ወደ ሌላው አይሻገርም።

ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ። «ወንድሜ፣ አመመህ እንዴ? መስኮቱን ክፈት» አለኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ፤ ዘግይቶ ሲገባ ደግሞ በጣም ያናድዳል። ስድስትም አሥራ አምስትም ለሦስት ይካፈላሉ። ስድስት ብትደምር ሁለት ጊዜ ሦስት ሄድክ፤ አሥራ አምስት ብትቀንስ አምስት ጊዜ ሦስት ተመለስክ። ከአንድ የተነሳ እግር ሦስት ሦስት እየረገጠ ይኖራል እንጂ መሀል ያሉትን ሁለቱን መቼም አይነካቸውም። አሥራ ሦስት ግን ከራሱና ከአንድ በቀር ለማንም የማይካፈል ቁጥር ነው። በአሥራ ሦስት በር ላይ ስድስት ብዘል፣ አራት ብዘል፣ አሥር ብዘል ሁሉም ጋ ይደርስ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያኮራኝ ዘዴ የሠራው እኔ ብልህ ስለሆንኩ ሳይሆን አሥራ ሦስት ቸር ቁጥር ስለሆነ ነው። በገንፎው ውስጥ ያለው ስንጥር እኔ ነበርኩ።

አቦቦ ስደርስ ሰው ሁሉ ማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ኦጁሉ መሀል ላይ መሬት ተቀምጦ ደብተሩንና የቁልፉን ዘለላ ፊቱ አስቀምጧል። ሰላምታ ሰጠኝና አንገቱን ደፋ። ከኋላ ከቆሙት ወጣቶች ሁለቱ ዱላ ይዘዋል። ደብተሩን አንስቼ ገለጥኩ። አሥራ ሁለቱም ቀን ያለ ስርዝ ድልዝ ተጽፏል። አንድ፣ ሰባት፣ አሥራ ሦስት፣ አራት፣ አሥር። ያልኩትን አንዲት ቁጥር ሳያዛንፍ ነው የሠራው።

«እህ ኢንጂነር» አሉ ጋሼ ሰይድ። «ምን ብለህ ነበር ያዘዝከው?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት አጎቱ ኦኬሎ ተነሳ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ስልክ ነው የተነጋገሩት» አለ። «ኔትወርክ ይቆራረጣል። ኢንጂነር ሌላ ተናገረ፣ ልጁ ሌላ ሰማ። ማንም ሌባ አይደለም። እንታረቅ።»

ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋምቤላ ውስጥ ኔትወርክ ላይ የተጫነ ጥፋት ተከራካሪ የለውም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። «አዎ» ብል ኦጁሉ ዱላው ይቀርለታል፣ እኔም ኢንጂነርነቴ ይቀጥላል። ቁልፉ ግን ይወሰድበታል፤ በስልክ የተነገረውን በትክክል የማይሰማ ሰው ቁልፍ አይዝም። እመኑኝ፣ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ኦጁሉ ቀና ሳይል «ኔትወርክ ጥሩ ነበር» አለ። «ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት።»

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ልክ ነው» አልኩ። «ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ያዘዝኩትን ነው የሠራው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ይቅር ይሉኛል ወይም ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። አላመኑኝም።

«ጓደኛህን ልታድን ነው» አለ አንዱ ወጣት። ጋሼ ሰይድም ቅር ብሏቸው «ልጄ፣ ማዘንህ ደግ ነው፣ ግን በዚህ አይደለም። ሁለት ዓመት የሠራ ቁጥር በሁለት በር ምክንያት እንዴት ይበላሻል?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ድልድዩ ላይ ሆኜ ራሴን መጠየቅ የነበረብኝም እሱን ነው።

ወረቀቴን ላሳያቸው አሰብኩና ተውኩት። ወረቀት የእኔ ቋንቋ ነው። አሪየት ከጎኗ ውኃ የያዘ ቅል አስቀምጣለች። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ቁጥብ ሴት ናት።

«አሪየት፣ ቅልሽን ስጪኝ» አልኳት። «ሌሎቻችሁ በበራችሁ ቁጥር ተራ በክብ ቁሙ። አዲሶቹ ሁለት ሰዎች ለጊዜው ይቀመጡ።»

«በዚህ ሙቀት ጨዋታ?» አለ አንዱ።

«ውኃ ነው የማጠጣችሁ» አልኩት። ተነሱ።

አሥራ ሦስት ሆነው ቆሙ። ቅሉን ለኦኬሎ ሰጠሁት፤ አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ስድስት ሰው ቆጥሬ ለሰባተኛው ሰጠሁ። ከዚያ ለአሥራ ሦስተኛው፣ ከዚያ ለስድስተኛው። ቅሉ እየዞረ እያንዳንዱን አዳረሰ፤ መጨረሻ ላይ አሪየት ጠጣች፣ ከእሷም ወደ ኦኬሎ ተመለሰ። «እንዲህ ነበር የኖርነው» አልኩ። «አሁን አዲሶቹ ይግቡ።»

አሥራ አምስት ሆኑ። ኦኬሎ ጠጣ። ሰባተኛው ጠጣ። አሥራ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አሥረኛው ጠጡ። ከአሥረኛው ስድስት ሰው ቆጥሬ ስጨርስ ኦኬሎ ፊት ቆሜያለሁ።

«በትክክል አልቆጠርክም» አለ ያ ወጣት።

«ናና አንተ ቁጠር።»

ዱላውን ጥሎ መጣ። እየጮኸ ቆጠረ። ያው አምስት ሰዎች ጠጡና ቅሉ ኦኬሎ ጋ ደረሰ። መሣቅ የጀመሩ ነበሩ፤ ሣቁ ግን ቶሎ ቆመ። ጋሼ ሰይድ አሥራ ሁለተኛ ላይ ቆመው ቅሉ በአጠገባቸው ሁለት ጊዜ ሲያልፍ አይተዋል። ኦኬሎ ቅሉን ይዞ አልጠጣም። ማዶ የቆመችውን አሪየትን አየ። የራሷ ቅል ነው፣ የራሷ ውኃ ነው፣ በዚህ ዙር ግን ከንፈሯን አልነካም።

«እኔ ጠግቤያለሁ» አለ ኦኬሎ። «ይህ ቅል መቼ ነው እሷ ጋ የሚደርሰው?»

«መቼም» አልኩ። «ዓመት ቢዞርም አይደርስም።»

ጋሼ ሰይድ ከቦታቸው ወጥተው መሬት ላይ ያለውን የቁልፍ ዘለላ አነሱ። አራግፈው በሁለት እጃቸው ለኦጁሉ ሰጡት። «አፉ በለኝ ልጄ» አሉት። ኦጁሉ ተነሥቶ ተቀበላቸው። ቀጥሎ የእኔ ተራ ነበር። ይቅርታ ስጠይቀው ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። በመኪናው ውስጥ እንደጠረጠርኩት የነገርኩት ከዓመት በኋላ ነው።

«እሺ፣ አሁን ስንት ይዘለል?» አለች አሪየት። ያን ቀን የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው።

«አምስት ይሁን» አለ አንድ ሰው።

«አምስት ይብሳል» አለ ኦጁሉ። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። እኛ ቅል ስናዞር እሱ መሬት ላይ አሥራ አምስት ጠጠር በክብ ደርድሮ ሲያንቀሳቅስ ነበር። «በአምስት ሦስት ሰው ብቻ ይጠጣል። አሥራ አምስት ውስጥ ሦስት አለ፣ አምስት አለ። በዝላዩ ውስጥ ሦስት ካለ ወይም አምስት ካለ ውኃው ይታሰራል። ሰባት ውስጥ ሁለቱም የሉም። ሰባት እንሞክር።»

እኔ አስተማሪ ሆኜ ባስረዳው ከዚህ በላይ ግልጽ አላደርገውም ነበር። ቅሉ እንደገና ተሞላ። ኦኬሎ በከንፈሩ ነካ አደረገና ኦጁሉ ራሱ ሰባት ቆጠረ። ስምንተኛዋ አሪየት ነበረች።

ቅሉን ተቀብላ ረጅም ጊዜ ጠጣች። ያኔ ነው ሰው ሁሉ ከልቡ የሣቀው። ከእሷ ወደ አሥራ አምስት፣ ወደ ሰባት፣ ወደ አሥራ አራት፣ ወደ ስድስት እያለ ቅሉ አንድም ሰው ሳይዘነጋ ዞሮ ዘጠነኛው ሰው ጋ አለቀ።

የጠጡት አምስት በሮች ሌሎቹ አሥሩ እስኪጠጡ ተዘግተው እንዲቆዩ ኦኬሎ ሐሳብ አቀረበ። ማንም አልተቃወመም። በዚያው ከሰዓት ኦጁሉ ስምንት ቁጥርን ከፈተ። ውኃው ወደ ተሰነጣጠቀው አፈር ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ለግማሹ ችግኝ ግን ዘግይቶ ነበር። አምስቱ ሰዎች ከየማሳቸው ችግኝ ነቅለው ሰጧት፤ እኔም ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ ተጎንብሼ አብሬያት ተከልኩ። ወገቤ ያን ሒሳብ እስከዛሬ አልረሳውም።

ወዳጆቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ስለ ሩዝ ብዬ አይደለም። በየቤታችሁ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ለዓመታት የሠራ ነገር አለ። ሁለት ሰው ሲጨመር «ያው ነው» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ያው ላይሆን ይችላል። የሠራው የእናንተ ዘዴ ይሁን ወይስ ቸር የሆነ አሥራ ሦስት፣ ሳታዩ አትማሉ። ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከጠየቃችሁ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ቁሙ። እኔ በራሴ መተማመኔን አልተውኩም፣ ዛሬም በሒሳብ ማን ይቀድመኛል የምል ሰው ነኝ። ግን ከመናገሬ በፊት አንድ ዙር አዞራለሁ። ኢንጂነር ሲሉኝም «ቴክኒሽያን» ብዬ አርማለሁ፤ እነሱ ደግሞ ኦጁሉን ኢንጂነር ማለት ጀምረዋል።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ሰላምታ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ስድስት ሰው ተጨመረ። በሩ ሃያ አንድ ሆነ።»

ልቤ ደነገጠ። ሃያ አንድ ለሰባት ይካፈላል። ልናገር አፌን ከፈትኩና አስታወስኩ፤ ዝም አልኩ።

«ሰባት አይሆንም» አለ እሱ። «ስምንት አደረግነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ትናንት ሰዉን አቁሜ ቅሉን አዞርኩ» አለኝ ኦጁሉ። «ሁሉም ጠጣ።»